«አንድ ጓደኛዬ አለ»፦ ፍርሃትን አልፎ ወደ ንስሐ ስለ መቅረብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ማገልገል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ጉባኤው አልቆ ሰው ሲበተን ወንበር መሰብሰብ አለ። ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ያግዘናል። ሦስት አራት ወንበር ካነሣ በኋላ ጠጋ ይልና «አንድ ጓደኛዬ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት...» ብሎ ይጀምራል። ከታች ያሉት የዚያ ጓደኛ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ካህን አይደለሁም። የምመልሰው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተምሬ ባደግኩበትና ራሴም ባለፍኩበት መጠን ነው፤ ለነፍስ የሚሆነው ምክር ያለው ንስሐ አባት ዘንድ ነው።

ንስሐ ለመግባት ስነሣ ጉልበቴ ይከዳኛል። የምፈራው እግዚአብሔርን ነው ወይስ ሰውን?

በአብዛኛው ሰውን ነው። ለማወቅ ከባድ አይደለም። ኃጢአቱ በተሠራ ጊዜ እግዚአብሔር ያይ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጉልበት አልከዳም። የከዳው አንድ ሽማግሌ ካህን ሊሰሙ ሲሉ ነው። ይህን የምለው ለማሳፈር አይደለም፤ እኔም በዚሁ ሚዛን ተመዝኜ ቀልያለሁ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ ስለ አንዳንድ የአይሁድ አለቆች ተጽፏል። በክርስቶስ አምነዋል፤ ነገር ግን ከምኩራብ እንዳይባረሩ ፈርተው አልመሰከሩም። ወንጌላዊው ምክንያቱን ሲናገር ከእግዚአብሔር ክብር ይልቅ የሰውን ክብር ወደዱ ይላል። እነዚህ ሰዎች እውነቱ አልጠፋባቸውም። ልባቸው አውቆታል፤ ያስቸገራቸው ነገ በአደባባይ የሚቀመጡበት ወንበር ነው።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ይሉኝታ አለን። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንዳይመለስ የሚያደርግ እርሱ ነው። የተጣላ ሰው ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን የሚቀመጠው በይሉኝታ ነው። ግን ይሄው ይሉኝታ ንስሐ አባት ደጅ ሲደርስ ዘበኛ ሆኖ ይቆማል። «የእነ እገሌ ልጅ እንዲህ አደረገ ይባላል» የሚለው ድምፅ የእርሱ ነው። ስሙን ጠርቶ መለየት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ይህን ድምፅ የሕሊና ወቀሳ ይመስለውና በከንቱ ያከብረዋል።

የጥበብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት ነው ተብሎ ተጽፎ የለም? ታዲያ ፍርሃትን ማሸነፍ ምን ማለት ነው?

ፈሪሃ እግዚአብሔርና ድንጋጤ አንድ አይደሉም። የሚለዩት በሚወስዱበት አቅጣጫ ነው። አዳም ፈራ፤ ፈርቶም ከዛፍ ጀርባ ተሸሸገ። ደም ሲፈስሳት 12 ዓመት የኖረችው ሴትም ፈራች። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የሚላት ግን «እየፈራች እየተንቀጠቀጠች መጥታ በፊቱ ተደፋች እውነቱንም ሁሉ ነገረችው» ነው።

መንቀጥቀጧ አልቆመም። እየተንቀጠቀጠች መጣች። «ፍርሃቴ ሲለቀኝ እሄዳለሁ» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህችን ሴት አስታውሳቸዋለሁ፤ እስኪለቃት ብትጠብቅ ጌታ መንገዱን ቀጥሎ ወደ ኢያኢሮስ ቤት ይሄድ ነበር።

ትሕትና ማለት ራስን መናቅ ነው? «እኔ እኮ የማልረባ ነኝ» ማለት ትሕትና አይደለም?

አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። «የእኔ ኃጢአት ይቅር የሚባል አይደለም» የሚል ሰው ራሱን ያዋረደ ይመስለዋል። ነገሩን ቢያስተውለው ግን ኃጢአቱን ከእግዚአብሔር ምሕረት አስበልጧል። በደሉን ከዓለም ሁሉ በደል ለይቶ በልዩ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ይህ ዘውዱን ገልብጦ ያደረገ ትዕቢት ነው። ንስሐ አባቶች ዕለት ዕለት የሚሰሙት ነገር ለባለቤቱ ብቻ አዲስ ነው።

ትሕትና ልክን ማወቅ ነው። ለዚህ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የሚገኘውን ሐይቅ እስጢፋኖስን ማሰብ ይበቃል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን በመሩ ጊዜ ብዙ ደቀ መዛሙርት ወደ እርሳቸው መጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገድላቸው እንደሚናገረው ወደ ሐይቅ የመጡት ወንጌልን ሰብከው፣ አጥምቀው፣ ስማቸው ከተሰማ በኋላ ነው። ሐይቅ ሲደርሱ ግን እንደ ማንኛውም ተማሪ ገብተው ያገለግሉ ጀመር፤ ያውም ለወራት አይደለም፣ ለዓመታት። «እኔ እኮ እንዲህ ያደረግኩ ሰው ነኝ» አላሉም። ያደረጉትንም «ከንቱ ነበር» ብለው አልካዱም። የጎደላቸውን ፈልገው ወደሚገኝበት ሄዱ።

ከተማችን ውስጥም ማስታወሻ አለን። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ሀብታም ድሃ ሳይል ሁሉን የሚያስተናግድ ማለት ነው። በበሩ ሳልፍ ብዙ ጊዜ የማስበው ስለሚጠየፈው አስተናጋጅ አይደለም፤ ተጋብዞ ሳለ «እኔ ከእነዚህ ጋር?» ወይም «እኔ በዚህ ልብሴ?» ብሎ ከደጅ ስለሚመለሰው ሰው ነው። ሁለቱም ሳይበሉ ያድራሉ።

ንስሐ አባታችን ከቤተሰቤ ጋር ቡና ይጠጣሉ። ምሥጢሬ ቢወጣስ?

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ ሥርዓቱን እንይ። ካህን በንስሐ የሰማውን ለማንም መናገር አይችልም። ለባል፣ ለሚስት፣ ለወላጅ፣ ለሌላ ካህንም ቢሆን አይችልም። የንስሐን ምሥጢር ማውጣት ካህኑን ራሱን ከክህነቱ የሚያስወግደው ከባድ በደል ነው። ይህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው የኑሮው ጉዳይ ነው። በወሎ የነፍስ አባት የቤተሰብ አባል ማለት ናቸው። በበዓል ይመጣሉ፣ ጠበል ጸዲቅ ላይ ይባርካሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ይጫወታሉ። አንዲት ወጣት እንዲህ ብላኝ ነበር፦ «ትናንት ሁሉንም ነግሬያቸው ዛሬ እናቴ ቤት ቁጭ ብለው ሳያቸው ፈንዲሻው ከእጄ ወደቀ።» ምን እንዳደረጉ ጠየቅኳት። «ምንም። ፈንዲሻው እንዲህ ሆኖ ፈክቶ ማን ቆላው ብለው እናቴን ጠየቋት» አለች። ያን ቀን ነው ምሥጢር መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባት። በተጨነቀው ዓይኗ ላይ አንድም ጊዜ ዓይናቸውን አላሳረፉም።

ይህም ሆኖ ቅርበቱ በእውነት የሚከብድ ከሆነ ሌላ ንስሐ አባት መያዝ የተከለከለ አይደለም። በድብቅ መጥፋት ሳይሆን ለቀድሞው አባት በአክብሮት አሳውቆ፣ ተሰናብቶና ተባርኮ መሄድ ነው ወጉ። «ለምን?» ብለው አጥብቀው የሚይዙ አባቶች ጥቂት ናቸው። በአንድ ዓመት ሦስት ንስሐ አባት የሚቀይር ሰው ግን የሚሸሸው ካህናቱን እንዳልሆነ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ንስሐ አባት ጭራሽ የለኝም። ከየት ልጀምር?

በአቅራቢያ ወዳለው ደብር ሄዶ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱን መጠየቅ ነው። «ንስሐ አባት እንዲሆኑኝ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ያገናኛሉ። ያገቡ ሰዎች አንድ ንስሐ አባት ቢኖራቸው ይመረጣል። ቅዳሴ እንዳለቀ ካህናቱ ደክሟቸው ስለሚሆን ንስሐ አባት ለመያዝ እንጂ ለመናዘዝ ያን ሰዓት አትምረጡ፤ ቀጠሮ ያዙ።

ፊታቸው ስቀርብ ምን ብዬ ልጀምር?

«አባቴ ይፍቱኝ» ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ የሚባል የተለየ ቀመር የለም፤ ችግሩም ያ ነው። ሰው ቀመር ሲያጣ ታሪክ ይጀምራል።

የእኔን የመጀመሪያ ጊዜ ልንገራችሁ። በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከጽድ ሥር፣ ንስሐ አባቴ በትንሽ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። በግራ እጃቸው ጭራ፣ በቀኛቸው የእጅ መስቀል ይዘዋል። እኔ መሬቱ ላይ ነኝ። ጀመርኩ። ስለ ወንድሜ ክፋት ተናገርኩ፤ የውርሱን ነገር ከሥር ጀምሬ አብራራሁ፤ አጎቴ ያሉትን፣ ምስክሮቹ የካዱትን ሁሉ። ሩብ ሰዓት ያህል አወራሁ። አባ ዝንብ እየከለከሉ ዝም ብለው ሰሙኝ። ሲያበቃ «ልጄ፣ የወንድምህን ንስሐ ሰማሁ። እርሱ ሲመጣ እፈታዋለሁ። የአንተስ?» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። ተነሥቼ ልሄድ ከጅሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ግን ከሩብ ሰዓቱ ይልቅ ያላበኝ እርሱ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አስቀድማችሁ ለብቻችሁ ሆናችሁ «እኔ» በሚል ቃል የሚጀምሩ ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጁ። «እኔ ዋሸሁ»፣ «እኔ ወሰድኩ»፣ «እኔ ቂም ያዝኩ»። «እርሱ ስላበሳጨኝ» የሚለውን ቤት ተዉት። የምትረሱ ከሆነ በወረቀት ይዛችሁ ብትሄዱም ነውር የለውም፤ ስትጨርሱ ቅደዱት። የጠፋው ልጅ ታሪክ ላይ እንኳ ልጁ የሚለውን አስቀድሞ አጥንቶ ነው የመጣው። ሉቃስ 15ን ልብ ብላችሁ ካነበባችሁ ያጠናውን ሁሉ አልጨረሰም፤ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚለው ላይ ሳይደርስ አባቱ ልብስ አምጡ ብሏል።

አንድ ጊዜ ካህን በሰው ፊት ተቆጥተው አሳፍረውኛል። ከዚያ ወዲህ መቅረብ አልቻልኩም።

ይህ የደረሰበት ሰው «ታገሥ» ብቻ ሲባል ያማል፤ በእኔም ደርሷል። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ደብር፣ ጥያቄ ጠይቄ በሰልፍ ላይ ባሉ ሰዎች ፊት ተሰድቤያለሁ። ለሁለት ዓመት ያህል በዚያ በኩል አላለፍኩም፤ ታክሲ እንኳ በሌላ መንገድ እይዝ ነበር።

ያ ሰው ተሳስተዋል። ተሳስተዋል ማለት ትሕትና ማጣት አይደለም፤ የሆነውን መናገር ነው። ትሕትና የሚጠየቀው ቀጥሎ ባለው ነገር ላይ ነው፦ በእርሳቸው ቁጣ ምክንያት እኔ ከሥጋ ወደሙ ልራቅ? ሐኪም ቢቆጣኝ ሌላ ሐኪም እፈልጋለሁ እንጂ በሽታዬን ይዤ አልቀመጥም። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚሉት ለዚህ ነው። እኔ የተመለስኩት በሌላ ደብር፣ በሌላ አባት እጅ ነው። በዚያኛው ደብር በኩል ማለፍ የጀመርኩት ደግሞ ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ለመቸኮል አልሞከርኩም።

ተሳስተሃል ሲሉኝ ደሜ ይፈላል፤ በተለይ ከእኔ የሚያንስ ሰው ሲነግረኝ። ይህን እንዴት ልተው?

የሶርያው ሠራዊት አለቃ ንዕማንም ደሙ ፈልቶ ነበር። ለምጹ ይነጻ ዘንድ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ሲባል «የደማስቆ ወንዞች አይሻሉም ወይ?» ብሎ በቁጣ ተመለሰ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ የዳነበትን መንገድ ብትመለከቱ ከሥር ያሉ ሰዎች ሰንሰለት ነው። ወሬውን ያመጣችው የተማረከች ትንሽ ልጅ ናት። ቁጣውን ያበረዱት አገልጋዮቹ ናቸው። ትልልቆቹ ሰዎች፣ ማለትም ነገሥታቱ፣ ደብዳቤ ከመጻጻፍና ልብስ ከመቅደድ በቀር የረዱት ነገር የለም።

እዚሁ በደቡብ ወሎ አንድ ገበሬ አውቃለሁ። ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ድንጋይ ተጣልተው አራት ክረምት አልተነጋገሩም። ማታ ማታ ቤተሰቡን ሰብስቦ አባታችን ሆይ ያስደግማል። አንድ ቀን «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ሲደርሱ የሰባት ዓመት ልጁ ቀና ብላ «አባዬ፣ እነርሱንም?» ብላ በጣቷ በግድግዳው በኩል ወደ ጎረቤታቸው ቤት አመለከተች። ጸሎቱ እዚያው ተቋረጠ። ልጅቷን ለሦስት ቀን አላናገራትም። በአራተኛው ቀን ገበያ ወጥቶ ሽማግሌ ፈልጉልኝ አለ።

ሦስቱን ቀን ነው የምወድለት። ወዲያው «እውነትሽን ነው» ቢል ኖሮ ምናልባት በማግሥቱ ይረሳው ነበር።

ጥርጣሬ አለብኝ። መጠየቅ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

የጥያቄ ነገር ከሆነ ወሎ አገሩ ነው። በዋድላ የቅኔ ቤት የሚኖር ተማሪ ሌሊት ቅኔውን ቆጥሮ ጠዋት የኔታ ፊት ይነግራል፤ ይታረማል፤ ይፈርሳል፤ እንደገና ይቆጥራል። መታረሙን የፈራ ተማሪ ቅኔ አይማርም። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው ተረት የመጣው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ የንግሥት ሹም ነበር። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው፣ ሠረገላ ላይ የተቀመጠው ሹም በእግሩ ለመጣው መንገደኛ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለው። ከዚያም ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። የእኛ ሰው ወደ ጥምቀት የገባው በጥያቄ ነው። ልጁ የታመመበት አባትም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ተናግሯል፤ ልጁም ተፈውሶለታል።

ልዩነት ያለው መልስ ፈልጎ በመጠየቅና መልስ እንዳይመጣ በመጠየቅ መካከል ነው። ሁለተኛው ዓይነት ጠያቂ መልሱ ሳያልቅ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ወንበር ስንሰበስብ ያ ሰው መጥቶ ከሆነ ወንበሩ ሁሉ አልቆ እኛ እዚያው ነን።

ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት አለ። ወደ ክርስትናው ጠንክሬ ብገባ ዘመዶቼ ያዝኑብኛል ብዬ እፈራለሁ።

ይህ ጥያቄ ከሌላ አገር ይልቅ ከእኛ ዘንድ ይበዛል። አያቱ ሐጂ፣ አክስቱ እማሆይ የሆነ ሰው ወሎ ላይ ብርቅ አይደለም። በሠርግ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ሁለት ዓይነት ምርቃት አለ። ስለዚህ በጥንቃቄ እመልሳለሁ።

እምነት በፍርሃት ሲገባ ምን እንደሚሆን አገራችን በደንብ ታውቃለች። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ አድርገው ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተዋል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረው የጸጋና የተዋሕዶ ክርክር የተቋጨው በዚያ ነው፤ ለተዋሕዶም ተፈረደ። ከጉባኤው ጋር ተያይዞ ግን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። አይጠየፍን ያሠሩት እኒሁ ሰው ናቸው። ከሕዝቡ ወገን ደግሞ ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ እንደኖረ ይነገራል። ሌላው ተሰደደ፤ ሌላው ተዋጋ።

ቦሩ ሜዳን የማነሣው ቁስል ለመነካካት አይደለም። በጉባኤው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነገረውን አምናለሁ። ግን አዋጅ ሰውን ወደ ውኃው ሊያመጣው ይችላል፤ ልቡን የሚያመጣው አዋጅ አይደለም። ፍርሃት ሰውን ከእምነት ሊያስቀር እንደሚችል ሁሉ ወደ እምነት ሊገፋውም ይችላል፤ ሁለቱም ጊዜ በውስጥ ያለው ሰው አይንቀሳቀስም።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ለማንም ብላችሁ አትግቡ፤ ማንንም ፈርታችሁም አትቅሩ። እናትን አለማክበር የአዲስ እምነት ምልክት አይደለም። ቤት ውስጥ ክርክር አትክፈቱ፤ የአያትን ስግጃ በአክብሮት አንሡ፤ በረመዳን ውኃ ስትጠጡ ፊታቸው አትቁሙ። ሲጠይቋችሁ ግን አትካዱ። ቀስ በቀስ ሰዎቹ የሚያዩት የተለወጠ ጠባይ ከሆነ ኀዘናቸው መልክ እየቀየረ ይሄዳል። ሁልጊዜ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም፤ የአንዳንዱ ቤት በር ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ይቆያል።

ታዲያ እንደ ኒቆዲሞስ በሌሊት መምጣት ይቻላል?

ይቻላል። ጌታ «በቀን ካልመጣህ አላናግርህም» አላለውም። ስለ ዳግም ልደት የተነገረው ያ ታላቅ ትምህርት የተሰጠው ለፈሪ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም የዐቢይ ጾምን ሰባተኛ እሑድ በስሙ ሰይማዋለች።

ሆኖም የዮሐንስን ወንጌል እስከ መጨረሻው ብትከተሉት ሰውየው በሌሊቱ ላይ አልቀረም። ምዕራፍ 7 ላይ በሸንጎው መካከል ቆሞ «ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ ይፈርዳልን?» ብሎ አንዲት ደካማ ጥያቄ ጣል አደረገ፤ ወዲያው «አንተም ከገሊላ ነህን?» ብለው አፉን አስያዙት። ምዕራፍ 19 ላይ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑ ሰዓት መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጣ። መቶ ንጥር በብብት ሥር ሸሽገው የሚያልፉበት ነገር አይደለም።

ላሊበላ ወይም ግሸን ብሄድ ፍርሃቴ ይለቀኛል?

ሂዱ፤ ግን ጉዞውን የንስሐ ምትክ አታድርጉት። መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ስትነግሥ ያ መስቀለኛ አምባ በሰው ይሞላል። በዳገቱ ላይ የሚያለቅስ፣ ስለት የሚያገባ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አይቻለሁ። ለ20 ዓመት በየዓመቱ ወጥተው አንድም ቀን ያልተናዘዙ ሰዎችንም አውቃለሁ። ዳገት ከመናዘዝ ይቀላል፤ እግር ብቻ ነው የሚያደክመው።

ላሊበላ ላይ ግን ለፈሪ ሰው የሚሆን አንድ ቦታ አለ። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር፣ ከዐለት የተፈለፈለ ጨለማ ዋሻ ነው። ምእመናን የሲኦል ምሳሌ ይሉታል። ያለ መብራት ነው የሚታለፈው። እኔ ስልኬን ልለኩስ ስል ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ አጥፋው፤ ግድግዳውን ያዝ» አሉኝ። ቀኝ እጄን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። ዐለቱ በሰው መዳፍ ብዛት ለስልሷል። እናትየዋ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው ይከተሉኛል፤ እኔ ደግሞ የፊተኛውን ሰው ትንፋሽ እየሰማሁ እከተላለሁ። ከእኔ በቀር ሁሉም አቀርቅሮ ነበር መሰለኝ፣ ጭንቅላቴን ሁለት ጊዜ መታኝ። ሁለተኛውን ጊዜ እናትየዋ ሳቁ። ወጥተን ብርሃን ላይ ስንተያይ የነጠላዬ ጫፍ ከእጃቸው ላብ ርሶ ነበር፤ ለካ እርሳቸውም ፈርተዋል።

ፍርሃቴ የኃጢአት ጉዳይ ባይሆንስ? እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤ ይመታል፣ ድምፅ ስሰማ እደነግጣለሁ።

ሐኪም ጋ ሂዱ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ ሌሊት የሚባንን ሰው በየሰፈሩ አለ። ይህ እምነት ማነስ አይደለም። መድኃኒትና ጠበል አይጣሉም፤ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ለንስሐ አባታችሁም ንገሯቸው፤ ቀኖናውን፣ ማለትም ለንስሐችሁ የሚያዙላችሁን ስግደትና ጾም፣ እንደ አቅማችሁ ያደርጉታል።

ቀኖናው ቢከብደኝስ?

እዚያው «አልችልም» በሉ። ስግደቱ ለጉልበት ሕመምተኛ፣ ጾሙ ለነፍሰ ጡር ሴት ይቀየራል። ቀኖና መድኃኒት ነው፣ ዕዳ አይደለም። ዝም ብሎ ተቀብሎ ሳይፈጽሙ መጥፋት ነው ሰውን እንደገና ለዓመታት የሚያርቀው።

ተመልሼ ብወድቅስ?

ትመለሳላችሁ፤ ወደ ንስሐ አባት ማለቴ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው የሚከብድባቸው አሉ፤ «አሁን ደግሞ ምን ይሉኛል?» የሚለው ይሉኝታ ነው። ጴጥሮስ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ክዷል። ወጥቶም መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ብሩን መልሷል፤ «በድያለሁ» ብሏል። ግን ወደ ካህናት አለቆች እንጂ ወደ ጌታው አልተመለሰም። አንዱ ኀፍረቱን ይዞ መጣ፤ ሌላው ኀፍረቱን ይዞ ብቻውን ሄደ።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው በእውነት ጓደኛዬን ቢሆንስ? እንዴት ልርዳው?

አንዳንዴ ጓደኛው በእውነት አለ፤ ይቅርታ። አትስበኩት። ጥቅስ እየመዘዛችሁ አታስጨንቁት፤ የሚያስፈልገውን ጥቅስ እርሱ ያውቀዋል። ምን እንደሠራ አትጠይቁት። እስከ ቅጥሩ በር አብራችሁት ሂዱ፤ ብዙ ሰው የሚመለሰው ከዚያች በር ነው።

እኔን ያደረሰኝ ሰው ቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ጠበቀኝ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርም። ስወጣ ዓይኔ ቀልቶ ነበር፤ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ልብሱን አራግፎ ተነሣና የቀረችውን ቆሎ በመዳፌ ላይ ገልብጦልኝ ወደ ፒያሳ ወረድን።